ከቆራሌው ቀድሞ መድረስ፦ አሮጌ የበቆሎ መፈልፈያዎችን ስለ መለየትና ስለ ማቆየት

በእጅ እየዞሩ በቆሎ የሚፈለፍሉ አሮጌ ማሽኖችን አዲስ አበባ ውስጥ ለማየት የሚፈልግ ሰው የሚቀናው ሙዚየም ሲገባ ሳይሆን መርካቶ ወርዶ ምናለሽ ተራ የተከመረውን ብረት ሲያገላብጥ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ በቆራሌውና በልዋጭ ነጋዴው እጅ ተሰብስበው፣ ከተሰበረ አልጋና ከአሮጌ ቸርኬ ጋር በአንድ ጭነት ይመጣሉ፤ እዚህ ሲደርሱም የሚጠየቀው ክብደታቸው እንጂ ማንነታቸው አይደለም። አብዛኛው አካላቸው ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የተጣለ ብረት፣ ስለሆነ ከባድ ናቸው፤ ከባድ ስለሆኑም በኪሎ ሲሸጡ ጥሩ ገንዘብ ያወጣሉ፤ ገንዘብ ስለሚያወጡ ደግሞ ተሰባብረው ወደ ማቅለጫ ለመሄድ ቅድሚያ ያገኛሉ። አንድ ጊዜ ከቀለጡ በኋላ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንደሠራቸውና ማን እንደተጠቀመባቸው የሚናገር ምንም ነገር አይቀርም።

እኔ የምኖረው አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ ከማዛወራቸው በፊት የከተማዋ ዋና ገበያ እዚህ አራዳ ነበር፤ የውጭ አገር የብረታ ብረት ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎችም ሱቅና መጋዘን በዚሁ አካባቢ ነበራቸው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በስፋት ሲፈርሱ፣ ለዘመናት ያልተነካ ዕቃ ከየጓዳው ወጥቶ ሲጫን ማየት በእነዚህ ማሽኖች ላይ የነበረኝን ትኩረት ይበልጥ አጠናክሮታል። ከዚያ ወዲህ በተረዳሁት መጠን፣ አንድን አሮጌ መፈልፈያ ለማዳን ከገንዘብና ከቦታ አስቀድሞ የሚያስፈልገው እውቀት ነው፦ ማሽኑን መለየት መቻል። የሚያድነው ሰው በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ታሪክ እንዳለም መረዳት ይኖርበታል። አንዱ ማሽኑን የሠራው ፋብሪካ በፊደልና በቁጥር የጻፈው ነው። ሌላው እዚሁ አገራችን ውስጥ አንጥረኛው፣ አናጢውና ገበሬው በጥገና የጨመሩት ነው። ብዙ ሰው ለመጀመሪያው ሲል ሁለተኛውን ፍቆ ይጥለዋል፤ እኔ ደግሞ ሁለተኛው ለእኛ ይበልጥ ውድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማሽኑን ለመለየት አሠራሩን ማወቅ ይቀድማል። የደረቀና ሽፋኑ የተላጠ የበቆሎ ዛላ ከላይ ባለው ጉሮሮ በጫፉ በኩል ይገባል። በጉሮሮው አንድ ወገን ፊቱ በአጫጭር ጥርሶች የተሞላ ክብ የጊዛ ሳህን ቆሞ ይሽከረከራል። በሌላው ወገን በሞላ የሚገፋ የብረት ምላስ ዛላውን ወደ ሳህኑ ይጫነዋል፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ደግሞ ዛላውን በራሱ ላይ እያዞረ ወደ ታች የሚስብ ሸንተረር ያለው ትንሽ ሾጣጣ ተሽከርካሪ አላቸው። ዛላው ስለሚዞር ጥርሶቹ ዙሪያውን በሙሉ ይደርሱታል፤ ፍሬው ወደ ሥር ይረግፋል፣ ባዶው ቆረቆንዳ ግን በሌላ በር ተገፍቶ ይወጣል። ምላሱን የሚገፋው ሞላ እንደ ዛላው ውፍረት በዳዶ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ከውጭ የሚታየው ትልቁ ቮላኖ፣ ማለትም ከባዱ መንኮራኩር፣ ዛላው በጥርሶቹ መካከል ሲያዝ ዙሩ እንዳይቆም ቀድሞ ባጠራቀመው ጉልበት ያሻግረዋል። ይህ አሠራር ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት ሰው የነበረው ሌስተር ዴኒሰን ዛላን በጥርሳም ብረት መካከል አሳልፎ ለሚፈለፍል የእጅ ማሽን የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ፋብሪካዎች በዚህ ሐሳብ ላይ ማሻሻያ ሲጨምሩ ኖረዋል።

ከዚህ ሌላ በዘንግ ዙሪያ ጥርስ በተተከለበት በርሜል መሰል አካል ውስጥ ዛላውን እያሹ የሚፈለፍሉ ትልልቅ ማሽኖች አሉ። እነዚህ በቺንጋ ከሞተር ወይም ከትራክተር ጋር የሚያያዙ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ያልተላጠ በቆሎንም ይቀበላሉ። በሞላ የሚሠራው የእጅ ማሽን ግን በደንብ የደረቀና የተላጠ ዛላ ይፈልጋል፤ እርጥብ በቆሎ ከገባበት ፍሬው ይጨፈለቃል፣ የተጨፈለቀው ደግሞ ለነቀዝና ለሻጋታ ይጋለጣል። እዚህ የማተኩረው በእጁ ማሽን ላይ ነው፤ ምናለሽ ተራ የሚደርሰው በአመዛኙ እርሱ ነውና።

አገራችን የቡና አገር በመሆኗ ማሽኑን በመለየት ረገድ የሚያጋጥመው ትልቁ ስሕተት የበቆሎውን መፈልፈያ ከእሸት ቡና መፈልፈያ ጋር ማምታታት ነው። ሁለቱም ከላይ አፍ፣ ከጎን ቮላኖና እጀታ አላቸው፤ ሁለቱም ጊዛ ናቸው፤ ሁለቱንም የሠራ ፋብሪካ እስከ መኖር ድረስ ተቀራራቢ ናቸው። በእንግሊዝ አገር፣ በኤሴክስ፣ ሄይብሪጅ በሚባል ቦታ የነበረው የቤንታል ፋብሪካ የእርሻ መሣሪያም የቡና መፈልፈያም ይሠራ ስለነበር የፋብሪካው ስም ብቻውን መልስ አይሆንም። መልሱ ያለው ውስጡ ነው። የቡናው ማሽን ሳህን ወይም በርሜል ብዙ ጊዜ እብጠት እብጠት ያለው የመዳብ ልባስ አለው፤ ሥራው ቀዩን ልጣጭ ከፍሬው መግፈፍ እንጂ መንቀል ስላልሆነ ጥርሱ የዶለዶመ ነው፤ የውሃ መግቢያም ሊኖረው ይችላል። የበቆሎው ማሽን ጥርስ ሹል ነው፣ መዳብ የለውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙሉ ቆረቆንዳ የሚያሳልፍ ሰፊ መውጫ አለው። ይህን መውጫ ያገኘ ሰው ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልገውም። የእጅ ወፍጮም አንዳንዴ ከዚህ ጋር ይደባለቃል፤ ወፍጮ ግን ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ቦይ ያላቸው ሳህኖችና በዘንጉ ጫፍ ላይ ሳህኖቹን የሚያቀራርብ ብሎን ስላለው ከፍቶ ላየው ሰው አያሳስትም።

በቅርቡ ምናለሽ ተራ ካገኘሁት አንድ ማሽን ፊት የተነሣው ክርክር ይኸው ነበር። ብየዳ ሠሪው፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ማሽኑን በእግራቸው ገፋ አድርገው «ልጄ፣ ይኼ የቡና ነው፤ ከጅማ ጭነት ጋር ነው የመጣው» አሉኝ። «ጋሼ፣ የቡና ቢሆን መዳብ ይኖረው ነበር» ብዬ በጎኑ ያለውን መውጫ አሳየኋቸው። እጃቸውን እስከ አንጓቸው አስገቡና ከሳህኑ ጀርባ የተሰነቀረ ነገር ዳሰው አወጡ፤ የደረቀ ነጭ የበቆሎ ፍሬ ነበር። ከዚያ በኋላ «እንግዲያው ቅድመ አያትህ የበላበት ነው፣ እንዳትሰብረው» ብለው ረዳታቸው መዶሻውን እንዲያስቀምጥ አዘዙት። ፍሬውን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤዋለሁ። በማሽን ውስጥ የቀረ ፍሬ የት አካባቢ ምን ዓይነት በቆሎ ይፈለፈልበት እንደነበር ሊጠቁም ስለሚችል እንደ ቆሻሻ መጣል አይገባም።

ማንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ንባብ ነው። ፊደላቱ ብዙ ጊዜ በጊዛው ላይ ከፍ ብለው አብረው የተጣሉ ናቸው፤ ዝገትና ቅባት ሲሞላቸው በዓይን አይነበቡም። ብረቱን መፋቅ ግን አያስፈልግም። ነጭ ጠመኔ በጎኑ አስተኝቶ በፊደላቱ ላይ በስሱ ማሸት፣ ክፍሉን አጨልሞ የስልክ መብራት ከጎን ዝቅ አድርጎ ማብራትና ፎቶ ማንሣት በቂ ነው። ቀጭን ወረቀት ለጥፎ በእርሳስ ማሸትም ጥሩ ውጤት ይሰጣል። እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፦ በአንድ ማሽን ላይ የሚገኙት ቁጥሮች አብዛኞቹ የክፍል መለያ ናቸው እንጂ የተሠራበት ዓመት ወይም የሞዴል ስም አይደሉም። በእጀታው ላይ አንድ ፊደልና ሁለት አኃዝ፣ በሳህኑ ላይ ያው ፊደልና ሌላ አኃዝ ከተገኘ፣ ያ ፋብሪካው መለዋወጫ ለማዘዝ የተጠቀመበት መለያ ነው። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው፤ ፊደሉ በሁሉም ክፍሎች ላይ አንድ ከሆነ ማሽኑ ከአንድ ፋብሪካ እንደወጣ ያለ ቅይጥ መቆየቱን ያመለክታል።

ስሞቹን በተመለከተ፣ በዓለም ላይ ከሚታወቁት የእጅ መፈልፈያዎች አንዱ ብላክ ሆክ የሚባለው ነው። የሠራው በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት ክላርክስቪል ከተማ የነበረው የኤ. ኤች. ፓች ፋብሪካ ሲሆን፣ ማሽኑ እግር የሌለው፣ በሣጥን ጠርዝ ላይ የሚታሰር፣ ፍሬውን እዚያው ሣጥን ውስጥ የሚያራግፍ ነው። በእግሩ የሚቆምና የእንጨት አካል ያለው ዓይነት ደግሞ ከብዙ ፋብሪካዎች ወጥቷል። ማኮርሚክ ዲሪንግ የሚል ስም ያለበት ከሆነ ሠሪው እ.ኤ.አ. በ1902 በበርካታ ኩባንያዎች ውሕደት የተመሠረተው ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ነው፤ ይህ ጥምር ስም በሰፊው ያገለገለውም ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ዘመኑን በግምት ለማወቅ ይረዳል። ሳንድዊች የሚል ከተነበበ በኢሊኖይ ግዛት በዚሁ ስም በምትጠራው ከተማ የነበረ ፋብሪካ ነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1930 ኒው አይዲያ ለሚባል ኩባንያ ተሽጧል። ከእንግሊዝ ወገን ከቤንታል ሌላ በኢፕስዊች የነበረው ራንሰምስ፣ በኤርልስ ኮልን አትላስ ዎርክስ የነበረው ሀንት፣ በዩቶክሲተር የነበረው ባምፎርድ ሊያጋጥሙ ይችላሉ።

በአሜሪካ ማሽኖች ላይ የፈጠራ መብት ምልክት ትልቅ ፍንጭ ነው። የአገሪቱ ሕግ መብቱ የተሰጠበት ቀን በዕቃው ላይ እንዲጻፍ ለረጅም ጊዜ ያዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1927 ወዲህ ለተሰጡ መብቶች ግን የሚጠየቀው የመብቱ ቁጥር ሆነ። ስለዚህ ወርና ዓመት የያዘ ምልክት የቆየውን ዘመን፣ ረጅም ቁጥር ብቻ የያዘ ምልክት ደግሞ የኋለኛውን ዘመን ይጠቁማል። ይሁን እንጂ ቀኑ ማሽኑ ከዚያ በፊት አለመሠራቱን እንጂ በዚያ ዓመት መሠራቱን አያረጋግጥም፤ ፋብሪካዎች አንድን የጊዛ መጣያ ቅርጽ ለብዙ ዓመታት ሳይለውጡ ይጠቀሙበት ነበርና። «1903 ተጽፎበታል፣ ስለዚህ የ1903 ነው» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ፊደሉ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ ቡሎኖቹ ይናገራሉ። የግማሽ ኢንች ቡሎን ተፈልጎ ጥርሶቹ በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ25.4 ሚሊ ሜትር ርዝመት ውስጥ ይቆጠሩ። 12 ከሆኑ በአብዛኛው የእንግሊዙ ዊትዎርዝ ጥርስ ነው፣ 13 ከሆኑ የአሜሪካው ነው። በሌሎቹ የተለመዱ ልኮች፣ ለምሳሌ በሩብ ኢንች 20፣ በሦስት ስምንተኛ ኢንች 16፣ የሁለቱ አገሮች ቁጥር አንድ ስለሆነ መለያው የግማሽ ኢንቹ ነው። ልኩ በሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ለምሳሌ ባለ 12 ቡሎን የጥርሶቹ ርቀት 1.75 ሚሊ ሜትር ከመጣ፣ ማሽኑ ከጣሊያን ወይም ከሌላ የአውሮፓ አገር የመጣ ሊሆን ይችላል። በጣሊያን ወረራ ዘመን በሆለታና በቢሾፍቱ ሰፋፊ የጣሊያን እርሻዎች ተቋቁመው እንደነበር ስለሚታወቅ ይህ ዕድል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የሚቆጠረው ቡሎን ግን በቀላሉ የማይፈታ፣ በጥልቀት ያለ መሆን አለበት፤ ከውጭ ያሉት ሶማሌ ተራ በተገዛ ቡሎን ከተተኩ ብዙ ዘመናቸው ነው። ቶርኖ ቤት የሚሠሩ ወዳጆች ያሏችሁ የጥርስ መለኪያቸውን ቢያውሷችሁ ሥራው የደቂቃዎች ነው።

ከላይ ወደ ጠቀስኩት ማሽን ልመለስ። ሳህኑ ላይ ከመሃል ይልቅ በዳሩ ያሉት ጥርሶች ተበልተዋል፤ የግማሽ ኢንቹ ቡሎን 12 ጥርስ ቆጥሯል፤ እጀታው ግን ከፋብሪካ የመጣ አይደለም። አንድ ሰው ፌሮ አግሎ አጥፎ፣ ጫፉን በመዶሻ አራት ማዕዘን አውጥቶ፣ በእጅ መያዣው ላይ የወይራ እንጨት አግብቶለታል፤ ወይራው በብዙ መዳፍ ታሽቶ ለስልሷል፣ አንዱ ጎኑም ከሌላው ጎድጉዷል። የጎን ጣውላዎቹ አንዱ በቀላሉ የሚነቃ የፈረንጅ እንጨት ሲሆን ሌላው ዋንዛ ነው፤ ዋንዛው በምስማር ሳይሆን በጠፍር ታስሯል። ከጀርባው፣ በደበዘዘ አረንጓዴ ቀለም ላይ፣ በነጭ የተጻፈ የንብረት ቁጥር አለ። እንግዲህ አንድ አፍቃሪ ይህን ማሽን ወስዶ «ወደ ቀድሞ ክብሩ ልመልሰው» ቢል እጀታውን ጥሎ አዲስ ያስጥላል፣ ዋንዛውን ይነቅላል፣ ቁጥሩን ፍቆ ቀይ ቀለም ይቀባዋል። የሚያገኘው በእንግሊዝ አገር ገጠር በርካሽ የሚገኝ ዓይነት ማሽን ይሆናል። የሚያጣው ግን የትም የማይገኘውን ነው።

የንብረት ቁጥሩን በተመለከተ፣ የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት ሲሆን ብዙ የግል እርሻዎች መሣሪያቸው ወደ መንግሥት እርሻዎችና ወደ ማኅበራት እጅ እንደተዛወረ ይታወቃል። በማሽን ላይ የተቀባ ቁጥር፣ የታተመ ማኅተም ወይም የተበየደ ምልክት ያን ዝውውር የሚመሰክር ሰነድ ሊሆን ይችላል። ሰነድ ደግሞ አይታጠብም። ከዚህ ጋር የሚሄደው የአፍ ታሪክ ነው። ማሽኑን ያመጣውን ሰው ከየት ወረዳ እንደገዛው፣ ከማን ቤት እንደወጣ፣ ማን ያዞረው እንደነበር በጊዜው መጠየቅ ይገባል፤ ሳምንት ካለፈ ከየት እንደመጣ የሚያስታውስ አይገኝም። ሽማግሌዎች ዘመንን የሚናገሩት «በጃንሆይ ጊዜ»፣ «ከዘመቻው በፊት»፣ «በማኅበሩ ጊዜ» እያሉ ነውና አባባሉን እንዳለ መጻፍ ይሻላል። ዓመት ከጠቀሱም የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ጎኑ ላይ ይጻፍ፤ አንድ አባት «በሃምሳዎቹ» ሲሉ በፈረንጆቹ ከ1957 እስከ 1967 ያለውን ጊዜ ማለታቸው ስለሆነ፣ ይህ ካልተለየ ከፋብሪካው ዘመን ጋር ሲተያይ ሁሉም ነገር ይዛባል። ያ ዘመን ለግብርናችን ተራ ዘመን አልነበረም። በጅማና በአለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እርዳታ የተስፋፉት፣ በ1960 ዓ.ም. ዋዜማ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው በዚያው ጊዜ ነው። ከጅማ ወይም ከአሰላ የመጣ መሣሪያ ሲያጋጥመኝ ይህን ግንኙነት ሳልጠይቅ አላልፍም።

ወደ ማቆየቱ ሥራ ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ደንብ ማሽኑ ከመነካቱ በፊት ከሁሉም ወገን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጦ፣ ፎቶ ማንሣት ነው። ቀጥሎ በእንጨት ፍቅፋቂና በደረቅ ብሩሽ አፈሩን ማራገፍ፣ ቅባቱን በነጭ ጋዝ በነከረ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል። አሸዋ እየነፋ የሚያጸዳ ማሽን ላይ መውሰድ ግን እቃወማለሁ። ቀለሙን፣ የንብረት ቁጥሩንና የጊዛውን የመጀመሪያ ገጽ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገፋል፤ እንጨቱንም ያቆስላል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ማሸትም ለጤና አደገኛ ነው፤ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ግቢ።

የተጣበቀ ዘንግ ለማስለቀቅ እጀታውን በመዶሻ መምታት የብዙ ማሽኖች መጨረሻ ሆኗል። ጊዛ ከፍተኛ ካርቦን ያለው ብረት ስለሆነ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን አይለጠጥም፤ ሲመታ ይሰነጠቃል። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ናፍታ ወይም ሰርጎ የሚገባ ቀጭን ዘይት ጠብ እያደረጉ ለቀናት መተው፣ ከዚያም ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዞ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ማወዛወዝ ነው የሚሻለው። መሰንጠቁን ለማወቅ በቁልፍ ጫፍ ቀስ አድርጎ መንካት ይበቃል፤ ደኅናው ጊዛ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፣ የተሰነጠቀው ግን እንደ ነቃ ገንቦ ይታፈናል። ስንጥቅ ከተገኘ በተራ ኤሌክትሮድ ቶሎ መበየድ ከብየዳው ጎን አዲስ ስንጥቅ ይፈጥራል። ጊዛ የሚበይድ ባለሙያ ቁራጩን አስቀድሞ ያግለዋል፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ ወይም በነሐስ ይበይደዋል፣ ከዚያም በአመድ ውስጥ ቀብሮ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል። ለማቆየት ብቻ ለታሰበ ማሽን ግን ላሜራ ቆርጦ በሁለት ወገን በቡሎን ማሰርን እመርጣለሁ፤ ነገ የተሻለ ባለሙያ ቢመጣ ፈትቶ ሊያነሣው ይችላል።

ዝገቱ ጥልቅ ለሆነባቸውና ቀለም ላልቀረባቸው ክፍሎች የኤሌክትሪክ ዘዴ አለ። በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ በውሃ የሟሟ የልብስ ሶዳ ይደረጋል፤ ዕቃው ከባትሪ ቻርጀር ኔጋቲቭ ጋር፣ አንድ የማይፈለግ ተራ ብረት ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛል፤ ሁለቱ አይነካኩም። በተራው ብረት ፈንታ ማይዝግ ብረት መጠቀም መርዛማ የክሮሚየም ውሁድ ስለሚፈጥር ፈጽሞ አይገባም። ሥራው ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ከቤት ውጭ፣ ከእሳት ርቆ መሆን አለበት። ከውሃው የወጣው ብረት ወዲያው ደርቆ ዘይት ካልተቀባ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይዝጋል። ስስ ዝገት ብቻ ያለበትን ግን እንዲህ ማንገላታት አያሻም፤ በታኒክ አሲድ ቢቀባ ዝገቱ ወደ ጥቁር የረጋ ሽፋን ይለወጣል፣ በላዩም ስስ ሰም ይበቃዋል።

እንጨቱን በተመለከተ አገራችን ታድላለች፤ የተልባ ዘይት የትም አለ። ስስ አድርጎ መቀባት፣ ያልጠጣውን ከጥቂት ጊዜ በኋላ መጥረግ፣ ሲደርቅ መድገም ነው። አጥብቄ የማሳስበው ግን ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ የተጠቀለለ የዘይት ጨርቅ ያለ ክብሪት በራሱ ሊቀጣጠል እንደሚችል ነው። ጨርቁ ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ። ምስጥ የበላውን ጣውላ ሙሉ በሙሉ ከመተካት የቀረውን ደኅና ክፍል ይዞ በጎኑ ደጋፊ መጨመር ይሻላል፤ አዲሱ እንጨት ላይ የተጨመረበት ዓመት በማይታይ ቦታ በእርሳስ ይጻፍ።

የአዲስ አበባ አየር በበጋ ለብረት ምቹ ነው፤ ፈተናው ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ማሽኑ በሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ እግሩ ከሥር እርጥበት ይስባል። በእንጨት ርብራብ ላይ ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳ አርቆ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ማስቀመጥና በፕላስቲክ ሳይሆን በአቡጀዲ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ፕላስቲክ ላቡን አፍኖ ይይዝበታል። ሞላውም መላላት አለበት። ዘመኑን በሙሉ ተወጥሮ የቆየ ሞላ ምላሱን በሳህኑ ላይ ስለሚጫነው ሁለቱም ይጎዳሉ።

ማሽኑ ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ስንጥቅ ከሌለበት፣ ጥቂት በደንብ የደረቀ ዛላ ማሳለፍ አሠራሩን ለሚያዩ ልጆች ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ያስተምራል፤ ነገር ግን በዓመት ከጥቂት ጊዜ በላይ አይሁን፣ ጉሮሮው ውስጥም ጣት አይግባ። ቮላኖው እጅ ከተነሣ በኋላም መዞሩን ስለሚቀጥል ከሥራ ውጭ በሽቦ መታሰር አለበት። በሥራ ላይ ለሚያስፈልጋቸው ገበሬዎች መልካሳ የሚገኘው የእርሻ መሣሪያዎች ምርምርን የመሰሉ ተቋማት ያወጧቸው አዳዲስ መፈልፈያዎች ስላሉ፣ አሮጌውን ለጉልበት ሥራ ማዋል አስፈላጊ አይደለም።

የባህል ቅርስ ጥናትና አጠባበቅን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ሲተረጉም የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት የሆኑና ታሪካዊ ወይም ሳይንሳዊ ዋጋ ያላቸውን ነገሮች ያጠቃልላል። እኔ በፌሮ እጀታና በዋንዛ ጎን ቆሞ የኖረ ማሽን ከዚህ ትርጉም ውጭ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም። ሞፈርና ቀንበር በሙዚየም ቦታ ሊያገኙ እንደሚገባ ሁሉም ይስማማል፤ ከውጭ የመጣ ብረት ሲሆን ግን «የእኛ አይደለም» የሚል ስሜት ይቀድማል። እጀታውን ያጠፈው አንጥረኛ የእኛ ነው።

በቤታችሁ፣ በአያቶቻችሁ ግቢ ወይም በመጋዘን ጥግ እንዲህ ያለ ማሽን ያላችሁ ሰዎች፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን ብታደርጉ ትልቅ ውለታ ነው፦ ሳህኑን ከፊት፣ የቆረቆንዳውን መውጫ ከጎን፣ ፊደል ያለበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ አሽታችሁ ፎቶ አንሡ፤ አንድ የግማሽ ኢንች ቡሎን ፈልጋችሁ ጥርሱን ቁጠሩ፤ ከየት እንደመጣና ማን እንዳዞረው ከቤቱ አዛውንት ጠይቃችሁ በቃላቸው ጻፉ። መሸጥ ግድ ከሆነም ፎቶውና ጽሑፉ አብረው ይሂዱ፤ ምናለሽ ተራ ላይ ቢያንስ አንድ ሰው በመዶሻ ፈንታ በጠመኔ ሊቀበለው ይችላል።